እግሮቻችን በዐረፋ አሸዋ ላይ

የሐጅ ወራት በተቃረበ ቁጥር በየመስጂዱ ትምህርት ይሰጣል። ኢሕራም ከየት እንደሚታሰር፣ ጠዋፍ እንዴት እንደሚጀመር፣ በዐረፋ ቀን ምን እንደሚደረግ ዑለማዎቻችን፣ አላህ ምንዳቸውን ያብዛላቸውና፣ በሚገባ ያስረዱናል። እኛም ከመሄዳችን በፊት ይህን ሁሉ በደብተር ጽፈን፣ ዱዓዎቹን በቃላችን ይዘን ነበር። ያልተዘጋጀንበት ነገር ቢኖር እግራችን ነው። ክቡራን አንባብያን፣ «እግር ደግሞ ምን ዝግጅት ያስፈልገዋል?» ትሉ ይሆናል። እኛም ያልነው ይህንኑ ነበር።

የሄድነው በ1444 ዓመተ ሂጅራ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ከወላጅ እናታችን ጋር ነው። በዚያ ዓመት ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሑጃጅ ተገኝቷል። እናታችን ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል፤ የስኳር ሕመምም ካደረባቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ለመንገዱ ብለው ዘመድ አዝማድ ከመርካቶ የሚያብረቀርቅ አዲስ የቆዳ ጫማ ገዝተው አመጡላቸው። ለሽኝቱ ፎቶግራፍ አምሮ ነበር። እኛም ከማን አንሰን፣ ልንነሳ ሁለት ቀን ሲቀረን አዲስ ሰንደል ገዛን፤ እስከ አውሮፕላኑ ድረስ ከካርቶኑ አላወጣነውም። ለኢሕራም ንጹሕና አዲስ መሆን አለበት ብለን ነበር። ንጹሕ መሆኑ መልካም ነው፤ አዲስ ይሁን ያለን ግን ማንም አልነበረም።

መካ በድንጋያማ ተራሮች መካከል ያለች ሸለቆ ናት። ሚና ከሐረሙ በስተ ምሥራቅ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ እሷም በተራሮች መካከል ተዘርግታለች። ከሚና ወዲያ ሙዝደሊፋ፣ ከሙዝደሊፋ ወዲያ ደግሞ ከመካ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሰፊው የዐረፋ ሜዳ ይገኛል። በካርታ ሲታይ አጭር ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንቀሳቀስ አውቶቡሱ ይቆማል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ሰውም ወርዶ ይራመዳል። በዚያ ላይ በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ መመላለሱ ብቻ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋፉን ታች ከካዕባው አጠገብ ያደረገ ሰው መንገዱ ያጥርለታል፤ በግፊያው ምክንያት ፎቅ ላይ የወጣ ግን ዙሪያው ስለሚሰፋ በብዙ እጥፍ ይሄዳል። በአገራችን ከቤት እስከ ታክሲ፣ ከታክሲ እስከ ሥራ ብቻ የምንራመድ የከተማ ሰዎች ይህን አስቀድመን ልናስብበት ይገባ ነበር።

በሐረሙ ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በካዕባው ዙሪያ የተነጠፈው ነጭ እብነ በረድ ታሶስ ከሚባል የግሪክ ደሴት የመጣ ነው፤ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ በቀትር እንኳ በባዶ እግር ይረገጣል። እግርን ደስ ያሰኛል። የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ሰው ከውስጡ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ቆይቶ ሲወጣ ውጪውም እንደዚያ ይመስለዋል፤ ነጩ ወለል አልቆ አስፋልቱ ሲጀምር ግን የረገጠው ሌላ ነገር ነው። አየሩ ከ40 ዲግሪ ባለፈበት ቀን ጥቁር አስፋልት ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። እንዲህ ያለ ሙቀት ቆዳን ለማቃጠል ረጅም ጊዜ አይፈልግም።

የደረሰብን ነገር እንዲህ ነው። ወደ ሚና ልንወጣ አራት ቀን ሲቀረን፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ከእናታችን ጋር በተቀጣጠርንበት በር ተገናኘን። ባዶ እግራቸውን ነበሩ።

«እማማ፣ ጫማዎት የት አለ?»

«በሩ ላይ ትቼው ነበር፣ የለም። ይሁን ልጄ፤ አልሞቀኝም። በአላህ ቤት በባዶ እግር መሄድስ ምን ይላል?»

የራሳችንን ጫማ አውልቀን መስጠት ነበረብን። በአጠገባችን ካለው ሱቅ ነጠላ ጫማ መግዛትም ይቻል ነበር። እኛ ግን አውቶቡሱ እንዳያመልጠን ቸኮልን፤ በልባችንም የእናታችንን ጽናት እያደነቅን ሩብ ሰዓት ያህል በአስፋልቱ ላይ አብረን ተጓዝን። ማታ ሆቴል ውስጥ እግራቸውን ሊታጠቡ ሲቀመጡ ውስጥ እግራቸውን አየነው። በሁለቱም እግር፣ ከጣቶቹ ሥርና ከተረከዙ ላይ፣ ቆዳው ነጥቶ ውሃ ቋጥሯል፤ አንዱ ቦታ ተልጦ ቀይ ሥጋ ይታያል። «ያማል?» አልናቸው። «ኧረ ምንም!» አሉን።

ያስደነገጠን ይህ «ምንም» ነው። እኛ መምህር ነን። መድረሳ ውስጥ የሐጅን ሩክኖች ተምረናል፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ ስለ ቆዳና ስለ ነርቭ አስተምሮናል፤ ለተማሪዎቻችንም እናስተምራለን። ሁለቱን ዕውቀቶች ግን አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን አስቀምጠናቸው አናውቅም ነበር። የስኳር ሕመም በቆየ ቁጥር የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ እግሩ ሙቀትም፣ እሾህም፣ ቁስልም ላይሰማው ይችላል። የደም ዝውውሩንም ስለሚያዳክም የቆሰለው ቶሎ አይድንም። «አልሞቀኝም» ያሉት ታግሰው አልነበረም፤ እውነትም አልሞቃቸውም። ጽናት ብለን ያደነቅነው ሕመሙን ነበር።

ከሑጃጁ ጋር የመጣ አንድ ወጣት ሐኪም ቁስሉን በጥንቃቄ አጥቦ በፋሻ ሸፈነው። የቋጠረውን ውሃ ማንም እንዳያፈነዳው አስጠነቀቀ። ከዚያም ለእናታችን፣ «እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ በባዶ እግር አንድ እርምጃ የለም፤ መታጠቢያ ቤትም ቢሆን። የቀረውን ደግሞ በዊልቸር ነው» አላቸው። እናታችን አለቀሱ። ሕመሙ አይደለም ያስለቀሳቸው። አያታቸው ሐጅ የናፈቃቸው ሰው ነበሩ፤ የጥንት ሑጃጅ ከወሎ ተነስተው እስከ ምጽዋ በእግር፣ ከዚያም በጀልባ ወደ ጅዳ እንዴት ይሻገሩ እንደነበር እየነገሩ ነው ያሳደጓቸው። «እነሱ ያን ሁሉ አገር በእግራቸው ሄደው፣ እኔ እዚህ ደርሼ በጋሪ ልገፋ?» አሉ።

እዚህ ላይ የረዳን በመድረሳ የቀራነው ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሽማግሌ በሁለት ልጆቻቸው ተደግፈው እየተንገዳገዱ ሲሄዱ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ በእግር ሊሄዱ ተስለው እንደሆነ ሲነገራቸው፣ አላህ ይህ ሰው ራሱን በማሠቃየቱ የማይፈልግና የተብቃቃ መሆኑን ገልጸው እንዲቀመጡ፣ በከብት እንዲጓዙ አዘዙ። የዑቅባ ኢብኑ ዓሚር እኅትም ወደ አላህ ቤት በባዶ እግሯ ልትሄድ ተስላ በተጠየቁ ጊዜ፣ ትሂድም፣ ትጫንም ብለዋል። ሁለቱም በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገቡ ናቸው። ይህን ለእናታችን ቀስ ብለን ነገርናቸው። ብዙ ዝም አሉ። በመጨረሻ፣ «እንግዲያው እሳቸው ካሉ ይሁን» ብለው ዊልቸሩን ተቀበሉ።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን እግር እንንገራችሁ፤ የእኛ ነርቭ ጤነኛ ስለነበረ ሁሉንም ነገር በደንብ ተሰምቶናል። በዙልሒጃ 9፣ ማለትም ሰኔ 20 ቀን 2015፣ ዐረፋ ላይ ነበርን። ሜዳው አሸዋና ጠጠር የተቀላቀለበት ነው፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የኒም ዛፎች ተተክለውበታል። በየመንገዱ ዳር ከረጃጅም ምሰሶዎች ላይ እንደ ጉም የረቀቀ ውሃ ይረጫል። ሰው ሁሉ ከሥሩ ቆሞ ይቀዘቅዛል፤ እኛም ቆምን። ውሃው ታዲያ ወደ እግራችን ወረደ፤ በእርጥቡ እግራችን ላይ አቧራው ተለጠፈ፤ አቧራው በሰንደሉ ማሰሪያና በቆዳችን መካከል እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀን ጀመር። በሙቀቱና በመቆሙ እግራችን አብጦ ስለነበር ጧት ልክ የነበረው ጫማ ከዙህር በኋላ ጠበበን። ፀሐይ ጠልቃ ወደ ሙዝደሊፋ ስንንቀሳቀስ በአውራ ጣታችንና በሁለተኛው ጣት መካከል፣ በተረከዛችንም ጎን ውሃ ቋጥሮ ነበር። በዱዓው ሰዓት፣ አላህ ይቅር ይበለንና፣ ግማሹ ሐሳባችን እግራችን ላይ ነበር።

ሙዝደሊፋ ላይ ሰው ሁሉ በሰማይ ሥር፣ በምንጣፍ ላይ ይተኛል። ለጀመራት የሚሆነውን ጠጠር እየለቀምን ሳለን ከአጠገባችን ከባሌ የመጡ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር። እግራቸው ላይ ያለው በረባሶ ነው፤ ያው ከመኪና ጎማ የሚሠራው የገጠሩ ጫማችን። ሆቴል ሳለን አንዳንድ ወጣቶች በጫማቸው ሲሳሳቁ ሰምተን ነበር። አዛውንቱ ከዐረፋ የመጡት በእግራቸው ነው፤ አንድም ቁስል የለባቸውም። የጎማው ሶል ወፍራም ስለሆነ የአስፋልቱን ሙቀት አያሳልፍም፤ ማሰሪያው ለዝቧል፤ ከእግራቸው ጋር ተዋውቋል። የእኛን እግር በባትሪ አዩና ጠየቁን፦

«ይህ ጫማ ስንት ወሩ ነው?»

«ሁለት ሳምንቱ።»

«አይ ልጄ! ጫማ እኮ እንደ በቅሎ ነው፤ ሳይገራ ሩቅ አይኬድበትም።»

ከዚያ ሌሊት በኋላ ከሐኪሙም፣ ከአዛውንቱም፣ ከራሳችንም ስሕተት የቀሰምነውን ለሚቀጥሉት ሑጃጅ ብናካፍል መልካም ነው። ጫማው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይገዛ፤ በየቀኑ እየተደረገም ይሄድበት። ሲገዛም ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እግር ያን ጊዜ ሰፋ ስለሚል ልኩን ይናገራል። ሶሉ ወፍራም ይሁን። በሁለት ጣቶች መካከል ከሚገባው ነጠላ ጫማ ይልቅ ሰፋ ባለ ማሰሪያ እግርን ከላይ የሚይዘው፣ ከኋላም ማሰሪያ ያለው ይሻላል። የኋላ ማሰሪያው ትልቅ ጥቅም ያለው በጀመራት ነው፤ በግፊያ መካከል ከእግሩ የወለቀ ጫማ ለማንሳት ያጎነበሰ ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል። ጫማ ቢወልቅ ይተውት። ስለዚህም ነው ሁለተኛ ጫማ በትንሽ ቦርሳ መያዝ የሚያስፈልገው። በሚናና በዐረፋ ለመታጠቢያ ቤት ብቻ የሚሆን የላስቲክ ጫማም ይኑር፤ ብዙ ሰው በሚጋራው እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር መቆም በጣቶች መካከል ፈንገስ ያመጣል።

ወንዶች በኢሕራም ላይ ሳሉ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማና ካልሲ እንደማይፈቀድላቸው የታወቀ ነው። በሐነፊ መዝሀብ በእግር ጀርባ መካከል ያለው አጥንትም እንዲገለጥ ይፈለጋል። ስለዚህ የገዛችሁትን ጫማ ይዛችሁ ሸይኻችሁ ዘንድ ሂዱና አሳዩት፤ ይህን ማድረግ አያሳፍርም። አንዳንድ ወንድሞች ግን «የተሰፋ አይለበስም» የሚለውን ቃል ይዘው ክር የነካው ሰንደል ሁሉ ክልክል ይመስላቸዋል፤ ከዚህም የተነሳ ሚስማር እንኳ የማይበግረውን ጫማ ትተው ስስ ላስቲክ ያደርጋሉ። ዑለማዎች ያስረዱት ቃሉ በሰውነት ቅርጽ ተሰፍቶ የሚለበስን ልብስ እንደሚመለከት ነው። ሴቶች ደግሞ ካልሲም ሽፍን ጫማም ይፈቀድላቸዋል። እናቶቻችን በዚህ ገር ሕግ ቢጠቀሙ ምን አለ? ወፈር ያለ የጥጥ ካልሲ በጠዋፍም በሰዕይም እግርን ይጠብቃል።

ሌላው ጥፍር ነው። ኢሕራም ከተገባ በኋላ ጥፍር አይቆረጥም፤ ስለዚህ ቀድሞ፣ አግድም ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። ረጅም የእግር ጥፍር በሕዝብ መካከል ሲረገጥ የሚያደርሰውን ሥቃይ ያየ ያውቀዋል። ለሚፋቅ ቦታ ቫዝሊን እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሽቶ የሌለበት መሆን አለበት፤ ሽቶ ለሙሕሪም አይፈቀድምና። ሳሙናም እንዲሁ። ይህን ሳናውቅ ሽታው ከሩቅ የሚያውድ ቅባት ይዘን ሄደን ስለነበር ሳንጠቀምበት ይዘነው ተመለስን።

ውዱእ ደግሞ እግራችንን በቀን ብዙ ጊዜ እንድናየው የተሰጠን ዕድል ነው። በእግር ጣቶች መካከል ውሃ ማዳረስ ሱና መሆኑን በልጅነታችን ተምረናል፤ ተረከዝ ደርቆ እንዳይቀርም በብርቱ ተጠንቅቀናል። የጎደለን ከዚያ በኋላ በትንሽ ፎጣ በጣቶች መካከል ማድረቅ ነው። እርጥብ እግር አቧራ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከላይ ነግረናችኋል። በደረቅ አየር ተረከዝ ስለሚሰነጠቅም ማታ ማታ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በቫዝሊን ቢለሰልስ ጧት ያለ ሕመም ይረገጣል።

እግር ውሃ ከቋጠረ፣ ትንሽ ከሆነ ሳይነካ በፕላስተር ይሸፈን፤ ቆዳው ራሱ ከሁሉ የተሻለ መሸፈኛ ነው። በጣም አብጦ መራመድ ከከለከለ ንጹሕ በሆነ መርፌ ጠርዙን ብቻ ወግቶ ውሃውን ማውጣት፣ ቆዳውን ግን አለመግፈፍ ነው። እኛ ገፈፍነው፤ ሁለት ቀን በአንድ እግራችን አነከስን። የስኳር ሕመምተኛ ግን ይህንንም በራሱ አያድርግ፤ ወደ ሐኪም ይሂድ። ማታ ማታም ውስጥ እግሩን በመስተዋት ይመልከት፤ ዓይኑ ከደከመ ልጁ ይመልከትለት። ከወላጆቻቸው ጋር የሚሄዱ ወጣቶች ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አይተዉት። የእናትን እግር ማጠብ ለእኛ ከባድ አልነበረም፤ አስቀድመን አለማየታችን ነው የከበደን።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1445 ዓመተ ሂጅራ (2016 ዓ.ም.)፣ በሐረሙ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ እንደነበርና 1,301 ሑጃጅ መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት ሲያስታውቅ ቤታችን ውስጥ ሁላችንም ዝም አልን። አብዛኞቹ ፈቃድ ያልነበራቸው፣ መጠለያና መጓጓዣ ሳያገኙ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። የሳዑዲ ባለ ሥልጣናት አንዳንድ የእግረኛ መንገዶችን ሙቀት በሚመልስ ነጣ ያለ ቀለም ቀብተዋል፤ ሐጅም በየዓመቱ በአሥር ወይም በአሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስ ወደ ቀዝቃዛው ወራት እየቀረበ ነው። ሆኖም የመካ ፀሐይ በየትኛውም ወር ቢሆን በባዶ እግር የምትደፈር አይደለችም።

እናታችን ሐጃቸውን፣ አልሐምዱሊላህ፣ በዊልቸር ፈጸሙ። እኛው ገፋናቸው። ተረከዛቸው ላይ ያለው ቁስል ግን አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ፋሻ ለማስቀየር ስንወስዳቸው እግሩ ይቆረጥ ይሆን የሚለው ፍርሃት ከእኛ ጋር ይመላለስ ነበር፤ አንዳችንም ግን አፍ አውጥተን አልተናገርነውም። አላህ አተረፈልን። የሚያብረቀርቀው የሽኝት ጫማ እስካሁን ካርቶኑ ውስጥ ነው።

ባለፈው ሰሞን የአጎታችን ልጅ ለሐጅ ተመዝግቦ ሊሰናበታቸው መጣ። ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ። የገዛውን ሻንጣ፣ የኢሕራሙን ጨርቅ፣ የዱዓ መጽሐፉን አሳያቸው። እናታችን ሁሉንም ማሻአላህ እያሉ ተመለከቱና ዓይናቸውን ወደ በሩ፣ ወደ ጫማዎቹ አዞሩ።

«የምትሄድበት ጫማ የቱ ነው?»

«ገና አልገዛሁም እማማ፤ ልሄድ ስል እገዛለሁ።»

እናታችን ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ተነሳ» አሉን ወደ እኛ ዞረው፤ «ሱቁ ሳይዘጋ ይዘኸው ሂድ።»